እናቴ በፖላንዶቹ ፎቶ ፊት የተቀመጠች ቀን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ቢሮውም፣ ማኅተሙም፣ በር ላይ የተሰቀለው ታፔላም አዲስ ነው። እኔም አዲስ ጸሐፊ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። የሚያስቅ ነገር ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ጋትሉዋክ የቤታችን የበኩር ልጅ ነው። ሰፈሩ እናቴን በስሟ አይጠራትም፤ «ማን ጋትሉዋክ» ነው የሚላት፣ የጋትሉዋክ እናት ማለት ነው። እሱ አጎቶቻችንን ተከትሎ ድንበር ተሻገረና ወደ ሱዳን ጦርነት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በድንበሯ ከተማ በማታር በኩል የመጡ ሰዎች መሞቱን ነገሩን። ዘመዶች ለቅሶ ሊቀመጡ ሲመጡ እናቴ በር ላይ ቆመች።

«ሬሳውን በዓይኑ ያየ አለ? ከሌለ ወደየቤታችሁ ግቡ» አለቻቸው።

አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ማታ ማታ የእሱን ራት ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት እኔ እበላዋለሁ።

ከፖላንድ የመጡት ፎቶ አንሺዎች ሦስት ነበሩ። የስደተኞች መጠለያ ፎቶ ሊያነሱ መጥተው፣ ከአገራቸው ይዘው የመጡትን ፎቶ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰቀሉ። እነሱና ጓደኞቻቸው፣ በአገራቸው ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ ያነሱት ነው። ኤቫ የምትባለዋ ፎቶ አንሺ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፤ እኔ ለሰዉ በአማርኛና በኑዌርኛ እተረጉማለሁ። ተመርጬ እኮ ነው! ቀሚሴን ከዋዜማው ጀምሬ አጥቤ ተኩሼዋለሁ።

«ዛሬማ ፈረንጅ ሆነሽ የለ!» አለችኝ ጓደኛዬ ኛቦት በአጠገቤ ስታልፍ። «ማታ ባሮ ውሃ ስትቀጂ እናይሻለን።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፎቶዎቹ ላይ ጋሻ የደረደሩ ፖሊሶች፣ የፋብሪካ አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ሠራተኞች፣ ጭስ ውስጥ የምትሮጥ አንድ ጫማዋ የወለቀ ሴትዮ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው።

«ነጭም ነጭን ይደበድባል እንዴ?» አሉ ባለሱቁ ጋሽ ታደሰ።

«ጥቁር ሲያጡ ምን ያድርጉ፣ ጋሼ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ለኤቫ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ።

እናቴ ልጇ ስትናገር ልትሰማ ነበር የመጣችው። ፎቶዎቹን በዝግታ እያየች መጨረሻው ጋ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ፎቶ ላይ ሰው የለም። ነጭ መንገድ፣ መንገዱ ላይ የአበባ ክምር፣ ዙሪያውን ሻማ ብቻ። የተነጋገርነው በኑዌርኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ይሄ ጨው ነው?»

«በረዶ ነው፣ እማ።»

«አበባውስ ለማነው?»

ኤቫን ጠየቅኋት። ሰልፍ ላይ ተመትቶ እዚያ ቦታ ለወደቀ ልጅ ነው አለችኝ።

«ልጁስ የታለ?» አለች እናቴ።

«ፖሊሶች ወስደውታል። የት እንደቀበሩት አልታወቀም። ለቤተሰቡ አልሰጡም» አልኳት፣ ኤቫን ጠይቄ።

እናቴ ወደ ፎቶው ቀረበች። «ሬሳውን ሳያዩ አለቀሱለት? እናቱም?»

ጥያቄዋን ለኤቫ ተረጎምኩላት። ኤቫም፣ የመጀመሪያውን አበባ ያስቀመጠችው እናቱ ራሷ ናት አለችኝ።

አፌ ላይ ያለው ነገር እናቴን ምን እንደሚያደርጋት ገብቶኛል። «አላውቅም አለች» ብል ማንም አይዘኝም ነበር።

«ምን አለች?» አለች እናቴ። እጄን ያዘችኝ። «ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ!»

ነገርኳት።

እናቴ የራስ መሸፈኛዋን አወረደች። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና የወንድሜን ስም ጠራች። እንደዚያ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ሲስቁ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ አጠገቧ ተቀመጡ፤ አንዷ መዝሙር ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከፖላንዶቹ አንዱ ካሜራውን ሲያነሳ ኤቫ እጁን ይዛ አወረደችው። ኤግዚቢሽኑ እዚያው ላይ አበቃ፤ አዳራሹ የጋትሉዋክ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ያን ሳምንት ዘመዶቻችን ከየሰፈሩ መጡ፤ እናቴም በር ላይ አልቆመችባቸውም። ፖላንዶቹ ፎቶዎቻቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

አሁን እናቴ ትተኛለች። አንዳንዴም ትስቃለች። ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ እናትሽን አሳረፍሻት» ይለኛል። እውነት ነው፣ አርፋለች። እኔ ግን አላረፍኩም። እሷ ልጇን ስትጠብቅ «ምስኪን» እያልኩ የማዝንላት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔም እሷን ተደግፌ እጠብቀው ኖሯል። አሁን የምደገፈው የለኝም። ለእኔ ወንድሜ የሞተው ድንበር ማዶ አይደለም፤ ያንን ቃል ለእናቴ የተረጎምኩላት ጊዜ ነው።

መጻፍ መቻሌ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ጋትሉዋክ ሞቷል ብዬ በራሴ እጅ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።