የተቀቀሉት ማግኔቶች፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ

ከደብረ ማርቆስ መነሣት

ወደ ደምበጫ የሄድሁት በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በገበያ ቀን ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ይመስለኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ግን ቀንን በእርግጠኝነት መናገር ትቻለሁ። የሄድሁበትን ምክንያት ግን አልዘነጋሁትም። ኬሚስትሪ ያስተማርኋት፣ ኋላም መካኒካል መሐንዲስ የሆነችው ትርንጎ በዋዜማው ደውላ፣ «መምህር፣ ማግኔቶቼ ሞቱብኝ» አለችኝ።

ትርንጎ ደምበጫ ላይ አነስተኛ የጥገና ቤት አላት። ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስክ ውስጥ ጠንካራ ማግኔቶችን እያወጣች፣ የአቶ እንየው ወፍጮ እህል በሚገባበት አፍ ላይ ደርድራቸዋለች። በአውድማ የተወቃ እህል የሽቦ ቁራጭና የምስማር ጫፍ ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ እነዚህን ከድንጋዩ በፊት እንዲይዝ ነው። አቶ እንየው ሌሎች ወፍጮዎችም አሉት። ይህኛው ከሠራለት ለሁሉም ሊያሠራት ተስማምቷል፤ እስከዚህ ገበያ ካልሠራ ግን ነቅሎ እንደሚጥለው ነግሯታል። የጥገና ቤቷ ዕጣ በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል።

በመንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አልተነሣም። አጠገቤ የተቀመጡት የበርበሬ ነጋዴ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ የትርንጎን ችግር ነገርኋቸው። ማግኔቶቹ ኒዮዲሚየም ከሚባል ንጥረ ነገር እንደሚሠሩ፣ እርሱም «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» ከሚባሉት ዐሥራ ሰባት አንዱ እንደሆነ አስረዳኋቸው። በያዙት ስልክ ድምፅ ማጉያ ውስጥም እንደሚገኝ ነገርኋቸው።

«ብርቅ ከሆነ ታዲያ እኔ ኪስ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«ስሙ ያሳስታል። አብዛኞቹ በምድር ውስጥ ያን ያህል ጥቂት አይደሉም። ግን ተበታትነው፣ እርስ በርሳቸውም ተመሳስለው ነው የሚገኙት። ለይቶ ማውጣቱ ነው የሚያስቸግረው።»

«እንደ ቀበሌ ሹም በላኛ! አለ ይሉሃል፣ ስትፈልገው የለም።»

መኪናው በሳቅ ሞላ። ሲጋራ መለኰሻቸውን አውጥተው ሲጫወቱበት፣ ብልጭታውን የምትሰጠው ትንሽ ድንጋይ ሲሪየምና ላንታነም የሚባሉት የእነዚሁ ወገኖች ከብረት ጋር የተቀላቀሉባት መሆኗን ነገርኋቸው። መለኰሻውን አገላብጠው አዩና በአክብሮት ወደ ኪሳቸው መለሱት።

በመስኮቱ አጨዳ ያለፈበት ሜዳ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ተዘርግቶ ይታያል፤ አንዳንዱ ማሳ ከወዲሁ ታርሶ ጠቁሯል። አማኑኤል ላይ ጥቂት ቆመን ሻይ ጠጣን። ነጋዴው ወረዱና በመስኮት፣ «ልጅቷን አደራ፣ መምህር!» አሉኝ። አያውቋትም።

ደምበጫ፣ ወፍጮ ቤቱ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ደረስሁ። በሩ ላይ ጭነት የተሸከሙ ፈረሶችና አህዮች ቆመዋል፤ ውስጡ በዱቄት ብናኝ ነጥቷል። ትርንጎ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ከማግኔቶቹ አንዱን አቀበለችኝ። ምስማር አስጠጋሁበት፤ ያዘና ወዲያው ለቀቀው።

«ምን ነካቸው?» አልሁ።

«ቀቀለቻቸው እንጂ!» አሉ እህላቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት እትዬ የዝቤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጾሙ ሲገባ እትዬ የዝቤ በማግኔቶቹ ላይ የቀረ ቢጫ ሙጫ ያያሉ። «ይኼ ከቆዳ ወይ ከአጥንት የተቀቀለ ቢሆንስ? የጾም ዱቄታችንን ሊያስገድፈን ነው?» ይላሉ። የሙጫውን ምንነት የሚያውቅ የለም፤ ሌሎቹም ሴቶች እህላቸውን አንሥተው ሊሄዱ ይቆማሉ። ትርንጎ ሰው ሁሉ እያየ ትልቅ ድስት ጥዳ፣ ሙጫው ተልጦ እስኪያልቅ ድረስ ማግኔቶቹን ግማሽ ቀን ቀቀለች። ሴቶቹ ተደሰቱ። ወፍጮው ግን ከዚያ ወዲህ የሽቦ ቁራጭ ማሳለፍ ጀመረ።

«ማግኔትን እሳት እንደሚጎዳው አውቃለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የፈላ ውኃን ግን ናቅሁት።»

ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከሰማንያ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ጉልበቱን ማጣት እንደሚጀምር ትዝ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርሁ፤ ሰማንያ ነው ወይስ መቶ ሰማንያ? ዲስፕሮሲየም የሚባለው ሌላው ወገን የተጨመረበት ዓይነት የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ሳማሪየምና ኮባልት የተቀላቀሉበትም እንዲሁ። ቁጥሮቹ በራሴ ውስጥ ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነስ? የልጅቱን እንጀራ በእኔ ትዝታ ላይ ማስቀመጥ አልወደድሁም።

«ያልተቀቀለ አለሽ?»

«ጆንያ ሙሉ።»

«እንግዲያው ውኃ ጣጂ።»

አቶ እንየው ፊቱን አጨፈገገ። «መምህር፣ ገበያው ሊፈርስ እኮ ነው!»

«አያ እንየው፣ ዝም በል እስቲ፤ ሰውዬው እየሠሩ ነው» አሉት እትዬ የዝቤ።

ካልተቀቀሉት አንዱን መርጠን፣ መሸከም እስከቻለው ድረስ ምስማር አንጠለጠልንበት። ከዚያ ቀቀልነው፤ አቀዘቀዝነውም። በዚህ ደጋ ውኃ ከመቶ ዲግሪ በታች እንደሚፈላ አውቃለሁና፣ ያም ቢሆን የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ለማየት እኔም እንደ ሌላው ሰው አንገቴን አስግጌ ቆምሁ። ምስማሮቹን እንደገና ስናንጠለጥል ብዙዎቹ መሬት ላይ ረገፉ።

«የፈላው ውኃ ገደለው!» አሉ እትዬ የዝቤ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

አሁን ምክንያቱ ታወቀ፤ የሙጫው ጥያቄ ግን ባለበት ቆመ። ሳይቀቀል ቢገባ ሴቶቹ ይሄዳሉ፤ ቢቀቀል ማግኔቱ ይደክማል። መልሱን ያገኘችው ትርንጎ ናት። ረጋ ብላ፣ «መጀመሪያ ነገር፣ ማግኔቱ እህሉን ለምን ይነካዋል?» አለች። ወደ ጥገና ቤቷ ሮጣ፣ ከደረጃ መደገፊያ የተረፉ የማይዝጉ የብረት ቱቦዎች ይዛ ተመለሰች። ማግኔት አስጠግቼ ሞከርሁ፤ ቱቦው በማግኔት የማይሳብ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የማግኔቱን ጉልበት አይጋርደውም።

«ጫፍና ጫፉን ትበይጅዋለሽ?» አላት አቶ እንየው።

«ኧረ አያ እንየው! እንደገና ልቀቅላቸው ነው? በብሎን ነው የማጠብቀው።»

ያልተቀቀሉትን ማግኔቶች በቱቦዎቹ ውስጥ ደርድራ ዘጋችና፣ በወፍጮው አፍ ላይ አጋደመቻቸው። እትዬ የዝቤ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሙጫ የለም። ስንዴያቸውን ራሳቸው አፈሰሱ። ወፍጮው ጨርሶ ሲቆም ትርንጎ ቱቦውን በጨርቅ ጠርጋ አሳየች፤ የሽቦ ስባሪና የተቆለመመ የምስማር ጫፍ።

«ለጾሜም ለጥርሴም ሆነልኝ» አሉ እትዬ የዝቤ።

አቶ እንየው ጨርቁን ተቀብሎ ስባሪዎቹን በጣቱ አገላበጠ። «ለሌሎቹም ወፍጮዎች ሥሪልኝ» አላት።

ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታ ምስማሮቹን መልቀም ጀመረች። ዓይኗን እንዳያዩባት መሰለኝ። እኔም ኮራሁ፤ ደረቴ ሊነፋ ምንም አልቀረው።

የደከሙትን ቦይ ውስጥ እንጣል የሚል ሰው ተነሥቶ ነበር። ትርንጎ አልፈቀደችም። እኔም ደገፍኋት፤ ጥቂት ኒዮዲሚየም ለማግኘት ብዙ አለት ይፈጫል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ መለየቱም ደጋግሞ ነው፤ አንዳንዱ ማዕድን ጨረር ያለው ዝቃጭ ትቶ ያልፋል። የደከመ ማግኔት ካልዛገ ማግኔትነቱ እንደገና ሊሞላ፣ የዛገውም ቀልጦ ንጥረ ነገሩ ሊወጣ ይችላል። መሣሪያው ደምበጫ ላይ የለም። በዓለምም ላይ እንኳ እስካሁን ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው ጥቂቱ ብቻ ነው። እርሷ ግን በጆንያ ቋጥራ፣ «አንድ ቀን የሚፈልጋቸው ይመጣል» ብላ ጥግ አስቀመጠቻቸው። የሱፍ ፍትፍት ጋብዛኝ ወደ መናኸሪያው ሸኘችኝ።

ቤት መግባት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አሮጌ መጽሐፌን ከመደርደሪያ አወረድሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰላም ሳትለኝ መጽሐፍ?» አለች ባለቤቴ።

ለተራው ዓይነት የተጻፈው ሰማንያ ነው። ትክክል ነበርሁ። ደስታዬ ግን እንደጠበቅሁት አልሆነም፤ በገጹ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ስንጠብቅ ምስማሮቹ መሬት ላይ ሲረግፉ የሰማሁትን ድምፅ አያህልም። ትዝታዬን ተጠራጥሬ ውኃ ባላስጥድ ኖሮ፣ ያቺ ወፍጮ ቤት ያመነችው እኔን ብቻ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ያየችውን ታምናለች።

«እሺ፣ ልጅቷስ?» አለች ባለቤቴ።

«የሌሎቹንም ወፍጮዎች ሥራ ሰጧት» አልኋት፤ መጽሐፉንም ዘጋሁት።