በሰከንድ ሁለት መቶ ሃምሳ ጊዜ

የእድራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ የመጡት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ማርና ዳቦ ይዘዋል። እኔ ግን አልታመምኩም። ሚስቴ በሩን ከፍታ ተሰልፈው ስታያቸው መርዶ የመጣ መስሏት ክው አለች፤ እነሱ ደግሞ እኔን በእግሬ ቆሜ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው።

«ተኝተሃል ብለን ነው» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ ከአባቴ ጋር ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። «ምላሱን ይዞታል አሉን።»

«ደህና ነኝ አባባ። ቃሉን የሚቆርጠው ራዲዮ ጣቢያው ውስጥ ያለው ማሽን ነው።»

«ማሽን ምላስ አለው እንዴ? እኛ እኮ ጆሮ አለን። ዜናውን ስታነብ ቃሉ ይቆረጥብሃል። ዳንግላ ያለችው እህቴ ሳትቀር ሰምታ ደውላለች። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ጠበል ካልገባበት ይጠናል።»

እንጅባራ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ ለረጅም ዘመን ዜና ሳነብ ኖሬያለሁ። የተቆጣ ባለስልጣን ፊት ቆሜ ድምፄ ሳይለወጥ ጠይቄያለሁ። በዚያ እሁድ ግን ማሩን ተቀብዬ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ለታመመ ሰው የሚቀርበውን ጥየቃ ደህና ሆኖ መቀበል እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ የትናንቱ ዜና በኮረኮንች ነው እንዴ የመጣው?» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቢሮ ስደርስ የጣቢያው ኃላፊ ጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ፈራ ተባ እያለ ነው የሚያናግረኝ። «ለጊዜው ከቀጥታ ስርጭቱ ላሳርፍዎት አስቤያለሁ» አለ። «ማስረጃ ሳይኖር?» አልኩት። ጥፋቱ የማሽኑ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳመጣለት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ።

በእኛ ስቱዲዮ የማይክሮፎኑ ድምፅ ወደ ማሰራጫው የሚሄደው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኩል አልፎ ነው። ያንኑ ኮምፒውተር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የድሮ ካሴቶችን ወደ ፋይል እንዲገለብጥም አድርገነው ነበር። የምትንከባከበው ቴክኒሺያናችን ናት፤ አንደበተ ቁጥብ ወጣት። ምክንያቱን ስጠይቃት ወንበር ሳበችልኝ።

«የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ አንድ ነው፣ ስራው ብዙ ነው» አለችኝ። «ሁሉን የሚያስተዳድረው ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ነው። እዚያ ውስጥ ቆጣሪ አለ። በየጊዜው ፕሮሰሰሩን ያቋርጥና ‘አሁን ተራው የማን ነው?’ ብሎ ያያል። እኔ በሰከንድ መቶ ጊዜ እንዲያቋርጥ ነው የመረጥኩት። ካሴቱ ፕሮሰሰሩን ሲይዘው የእርስዎ ድምፅ የሚቀጥለውን መቋረጥ ይጠብቃል። ተራው ሲዘገይ ቃሉ ይቆረጣል።»

«ለምን መቶ ብቻ?»

«ማቋረጡም ራሱ ስራ ነው ጋሼ። በተቋረጠ ቁጥር የያዘውን አስቀምጦ፣ ተራ አይቶ፣ እንደገና ማንሳት አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ ነን፤ ማቋረጡ በበዛ ቁጥር ባትሪው ቶሎ ያልቃል።»

ነገሩን ከራሴ ሙያ አውቀዋለሁ። አንድን የቢሮ ኃላፊ በየደቂቃው ብደውልለት ስራውንም አይሰራ፣ ለእኔም የሚነግረኝ አይኖረው። ዘግይቼ ብደውል ደግሞ ወሬው ያመልጠኛል።

«እስከ ስንት ይሄዳል?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ አለ፣ ሦስት መቶ አለ፣ ሺህ አለ።»

«ሺህ አድርጊው።»

«ከመሀሉ ብንጀምርስ?»

«ሺህ አልኩሽ እኮ።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። እሷም ስርጭት በሌለበት ሰዓት ከርነሉን እንደ አዲስ ሰራችው። በማግስቱ ዜናዬ ጥርት ብሎ ወጣ። በደስታ ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናብ ጣለ፤ መብራትም ሄደ። ከእኔ ዜና ቀጥሎ የሚተላለፈው የአዊኛ ፕሮግራም መሀል ላይ ሲደርስ ባትሪው አለቀ።

ጠዋት ቴክኒሺያኗ ገመድ እየጠቀለለች «እናቴ ደውላ ነበር» አለችኝ። እናቷ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። «‘ተረቱን ሳይጨርስ ሰውየው የት ገባ?’ ትለኛለች። ቡና ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል አልኳት።»

ሳቀች። እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የባሰ ያፈርኩት። ያም ሆኖ ቁጥሩን ዝቅ አድርጊው አላልኳትም። «የአንድ ቀን ነገር ማስረጃ አይሆንም» አልኳት። ይህ ዘመኔን ሙሉ ለጀማሪ ጋዜጠኞች የምነግረው ነው፤ ያን ጠዋት ግን መደበቂያ አደረግኩት።

ለኃላፊው የማቀርበውን ማስረጃ ራሴ አሰናዳሁ። ለቃለ መጠይቅ የምይዘውን የእጅ መቅረጫ ከስቱዲዮው ማይክሮፎን ጎን አስቀመጥኩ። ቃሉ ኮምፒውተሩ ባሰራጨው ላይ ተቆርጦ በእጅ መቅረጫው ላይ ካልተቆረጠ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። አንዱን ዜና በመቶ፣ አንዱን በሁለት መቶ ሃምሳ፣ አንዱን በሺህ አነበብኩ፤ በየመሀሉ እሷ ከርነሉን ትቀይራለች። ከዚያ ማዳመጫ አድርገን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማን።

በመቶው ቃላቴ እየተቀነጠቡ ነው የወጡት፤ የእጅ መቅረጫው ላይ ግን ሙሉ ናቸው። «ይኸው» አልኳት፣ ጠረጴዛውን መታ እያደረግኩ። በሁለት መቶ ሃምሳው መቆራረጡ ጠፋ። በሺሁም እንደዚያው። በጆሮ የሚለይ ልዩነት አልነበራቸውም።

የሺሁ ዜና መጨረሻው አካባቢ ስለ መስኖ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ። እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ፤ ቃሉን ከመነሻው ደገመ፤ ቀጠለ። የእጅ መቅረጫውን ከፈትኩ። እዚያም ቆመ፣ ደገመ፣ ቀጠለ። መልሼ ሰማሁት። ሳነበው ምንም አልታወቀኝም ነበር።

ማዳመጫዋን አውልቃ ኪቦርዱን በመዳፏ መጥረግ ጀመረች። «ማይኩ ይሆናል» አለች።

«መቅረጫው የራሱ ማይክ አለው።»

«እሱስ አዎ።»

እኔ የነገርኳትን እሷ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ለእኔ ስትል፣ ልክ እንዳልሆነ የምታውቀውን ተናገረች።

«ለኃላፊው የትኛውን ላሰማው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ሁሉንም። የእጅ መቅረጫውንም ጨምሪበት።»

«ቁጥሩንስ የት ላይ ልተወው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ። እናትሽ ተረታቸውን ይስሙ።»

ኃላፊው በሩን ዘግቶ ሁሉንም ሰማ። መስኖው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «አንድ ቃል እኮ ነው» አለኝ። «ማሽኑ ነው ብለን ብንተወው ማንም አያውቅም።»

«አንተም ቴክኒሺያኗም ሰምታችኋል» አልኩት። ሐኪም እስኪያየኝ ድረስ ከቀጥታ ስርጭቱ እንዲያነሳኝ ለመንኩት። እምቢ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አላለኝም።

ያን ዕለት ማታ ዜናውን የስራ ባልደረባዬ አነበበችው፤ አንድም ቃል አልተቆረጠም። ጨርሳ ስትሰናበት ሚስቴ ራዲዮኑን ልታጠፋው ተነሳች። ተይው አልኳት፤ የአዊኛው ሊጀምር ነው።