እፀገነት የፈጠረችው ሰማይ

እፀገነት ሞጣ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እኔ ፊዚክስ። ቢሯችን አንድ ስለሆነ ነገረኛ ጠያቂነቴ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዋ የበረዶ ደመናን በራዳር ለይቶ ገበሬውን በስልክ የሚያስጠነቅቅ ፕሮግራም ሠርታለች። የምትሞክርበት ራዳር ግን ሞጣ ከየት ይመጣል?

«ሰማዩን ራሴ እፈጥረዋለሁ» አለችኝ።

«ፈጣሪ እንዳይሰማሽ!» ብዬ ሳቅሁ፤ ሆኖም ወንበሬን ጎትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራዳር ሞገድ ልኮ የሚመለስለትን ይሰማል። ችግሩ፣ ተራራውም ዝናቡም ወፉም ሞገዱን ይመልሳል። ስለዚህ ላፕቶፗ ውስጥ በሠራችው የማስመሰያ ሰማይ ላይ ሁሉንም አስገብታለች፤ ላፕቶፑ ለእያንዳንዱ ወፍ ዕጣ እያወጣ መቼ ተነስቶ ወዴት እንደሚበር ይወስናል። ባስነሳችው ቁጥር ሌላ ሰማይ ይመጣል። ፕሮግራሟ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ግርግር በረዶውን ብቻ ይለቅማል። ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል!

ጽሑፏን ልታስገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ቢቸና አባቷን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። አቶ ባምላኩ ስንዴያቸውን ከወፍ ይጠብቃሉ። ጅራፋቸውን አዙረው ሲያጮኹት፣ ማሳው ላይ የሰፈረው ወፍ ሁሉ ባንዴ ግር ብሎ ተነሳ።

እፀገነት ፈዛ ቀረች። «አባባ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

«እኔ ዕጣ ያወጣሁት ለየወፉ ለየብቻ ነው» አለችኝ። «እነዚህ ግን አንድ ድምፅ ሰምተው አብረው ነው የሚነሱት።»

የጅራፍ ጩኸት እየሰማች ያደገች ልጅ፣ ሰማይ ስትፈጥር ጅራፉን ረስታው!

እዚያው ማሳው ዳር ላፕቶፑን ከፍታ፣ ወፎቹን ባንድ ጊዜ የሚያስነሳ ድንገተኛ ጩኸት ጨመረችበት። ፕሮግራሙ ወዲያው «በረዶ!» አለ። ደጋገመችው፤ መንጋ በተነሳ ቁጥር የበረዶ ደመና መስሎት በረዶ ይላል። እንደነበረ ብታስገባው ዘንድሮ ትመረቃለች። ላስተካክለው ካለች ግን ምረቃው ያልፋታል።

«ተይው፣ ከፈታኞቹ ማን ስለ ጅራፍ ይጠይቅሻል?» አልኳት።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ በረዶ እየመጣ ነው ተብሎ ቢደወልልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ደቦ ጠርቼ አጭዳለኋ፣ ደረሰም አልደረሰም።»

«ውሸት ሆኖ ቢገኝስ?»

አቶ ባምላኩ አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት። ፍሬው ገና ወተት ነበር።

«ታዲያ ምን እንበላለን?» አሏት።

እፀገነት ላፕቶፑን ዘጋች። «እንግዲያው የምረቃ ካባዬን የሚያዩት ለከርሞ ነው።»