በራሴ ቤት በር ከፋች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደሴ እየወጣሁ የልብ ወለድ አጻጻፍ እማር ነበር። መቼቱንም፣ ግጭቱንም፣ አንጻሩንም ከሌላው ተማሪ ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ የደሴ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ "መምህሩ አንጻር ያለው ምኑን ነው?" እያለች ትጠይቀኛለች። "ታሪኩን በማን ዓይን ነው የምናየው ማለቱ ነው" እላታለሁ።

አንድ ቀን ስለ እናቴ አጫወትኳት። ወንድሜ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ እናቴ ቤታችንን አልሸጥም ብላለች፤ ልጇ ሲመለስ የሚያውቀው በር ይኸው ብቻ ነው። ታሪኩን ወንድሜ ከተወለደበት ቀን ጀምሬ ልጽፈው ብዙ ታግዬ አልሆን ብሎኝ ነበር።

"እኔ ልሞክረው?" አለችኝ።

እንደማትችል እርግጠኛ ስለነበርኩ "ሞክሪው" አልኳት።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፋ መጣችና አነበበችው። የሚጀምረው ደላላው ደጃችን ቆሞ ሲያግባባ ነው። እናት አዘነች፣ አለቀሰች የሚል የለበትም። እናቴ ደላላውን "ልጄ ቢመጣ ማንን ይጠይቃል?" ስትለው መምህራችን "ምልልስ እንዲህ ነው" አለ። አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም ቀድሜ ግን አቆምኩ።

ስንወጣ "እኔስ የታለሁ?" አልኳት።

"አለሽ እንጂ። ለደላላው በሩን የከፈትሽለት አንቺ ነሽ።"

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እስኪጨርስ ይህቺው ቃል ስታቃጥለኝ ነበር። ጓደኛዬ ይባስ ብላ ኮምቦልቻ ድረስ መጥታ ታሪኩን ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ ዕንባዋን በሻሿ ጠርጋ "አላህ ይጨምርልሽ ልጄ፣ እስቲ ድገሚልኝ" አለቻት። እኔን እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ቅናቴ በጓደኛዬ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከእናቴ ጋር ያለሁት እኔ ነኝ፤ የምትጠብቀው ግን ወንድሜን ነው።

ከዚሁ ተነሥቼ፣ "እኔ" እያልኩ፣ በራሴ ዓይን እንደ አዲስ ጻፍኩ። በረመዳን እናቴ ለማፍጠሪያ ካቀረበችው ቴምር ትልቁን መርጣ ለወንድሜ ታስቀምጣለች፤ ሳይነጋ ለሱሁር ልንበላ ስንነሣ እሱ አልመጣምና ያንኑ ቴምር ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔም እበላዋለሁ። ይህን ጻፍኩ።

ክፍል ውስጥ ሳነበው መምህሩ መቼቱ ላይ ተቸኩሏል አለኝ። ጓደኛዬ ደጅ ከወጣን በኋላ ነው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የቴምሩን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?" ያለችኝ።

ፊቷን አየሁት። ያ ስሜት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ የእሷን ታሪክ ስሰማ እኔን ያቃጠለኝ ነው። የእሷ ታሪክ ዛሬም ከእኔ ታሪክ ይበልጣል፤ ቢሆንም እስከ ኮምቦልቻ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።