እንገር የገባበት ወተት

በልጅነቴ የበደለችኝ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ጫልቱ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ። እንገር ሲፈላ የሚወጣው ወፍራም ሽታ ከሰው ቤት ሲመጣብኝ፣ ዛሬም መጀመሪያ የማስበው እሷን ነው።

ክረምት ሲወጣ የሱሉልታ ሜዳ ሁሉ ሣር ይሆን ነበር። እናቴ ሁለት ላም፣ አዳዳ አንድ ላም አልበው፣ ወተቱን በአንድ ቢዶን ቀላቅለው ያሸክሙኝና፣ ከትምህርት ቤት በፊት ለመንግሥት የወተት መረከቢያ አደርስ ነበር። ላም ከወለደች ሳምንት እስኪሞላት ወተቷን ማቅረብ ክልክል ነበር፤ እንገሩን ቤተሰቡ አፍልቶ ይበላዋል። የአዳዳ ላም በወለደች በአራተኛው ቀን ግን፣ ዓይኔ እያየ እንገሩን ቢዶኑ ውስጥ ገለበጠችው።

«አፍሽን ያዢ፤ ወተት ወተት ነው» አለችኝ።

የመረከቢያው ተቆጣጣሪ እንደ ልማዱ ከወተቱ ጥቂት ቀድቶ አልኮል ሲጨምርበት ወዲያው ረጋ። ቢዶኑን ሙሉ ደፍቶ የቤታችንን የወተት ማስረከቢያ ካርድ እስከ ፋሲካ አገደው።

አባቴ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አዳዳ ቀደመችኝ። «መንገድ ላይ ጠጥታ በጎደለው የቦይ ውሃ ሞልታበት ነዋ። ምን ታድርግ፣ የእናቷ ልጅ ናት።»

«እንገር ጨምራበት ነው» ብል፣ አባቴ «በታላቅሽ ላይ አትዋሺ» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ወተቱ ተረካቢ ስላጣ መናጥ ነበረበት፤ ለቅጣት ከትምህርት ቤት ቀርቼ ናጪዋ እኔ ሆንኩ። በጋውን ሙሉ እኩዮቼ ደብተር ይዘው በአጥራችን ሲያልፉ፣ እኔ ቅል እየናጥኩ አያቸው ነበር። በዓመቱ ሦስተኛ ክፍልን ከታናሾቼ ጋር እንደገና ጀመርኩ።

አድጌ የወተት ተቆጣጣሪነት ስሠለጥን፣ እንገር የገባበት እንጂ ውሃ የገባበት ወተት በአልኮል እንደማይረጋ በመጀመሪያው ቀን አሳዩን፤ ውሃ የሚታወቀው በሌላ መለኪያ ነው። አንድ ሰው ተቆጣጣሪውን ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት አላጣውም ነበር።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ሲዘጋ በነበረበት ጊዜ፣ አዳዳ በስተርጅናዋ እኔ ወደምሠራበት መረከቢያ ወተት ይዛ መጣች። ላሟ መድኃኒት ከተወጋች ሁለት ቀኗ እንደሆነ የወጋት የከብት ሐኪም ነግሮኝ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ መኪናው ላይመጣ ይችላል። ዛሬን ብቻ አሳልፊልኝ።»

«መድኃኒቱ ከወተቱ የሚወጣበት ቀን ገና ነው አዳዳ። አንቱም ያውቃሉ።»

«ያንን የልጅነት ነገር ይዘሽብኝ ነው አይደል?»

«እሱን ይዤ ቢሆንማ እኔም እንደ አንቱ ውሃ ነው እል ነበር» አልኳት።

ያኔ በቤታችን የሚታመነው የታላቅ ቃል ነበር፤ እዚህ የሚታመነው ወተቱ ውስጥ ያለው ነው። ወተቷን ደፋሁት። ካርዷ ላይ «መድኃኒት» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈርሜም መለስኩላት።