ለማንም የማይካፈል ዓመት

መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት ቁጥር ማካፈል ጀመርኩ። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ኢንተርኔቱ ዝግ፤ ከተማ ውስጥ የተከራየኋት ክፍልም አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት ወዲህ መዞሪያ የላትም። አባቴ ኮላ ድባ ታመው ተኝተዋል። በደህናው ጊዜ ከዚህ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አሁን ያለን ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው።

ያካፈልኩት ዓመቱን ነው። አባቴ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓልና የጾም ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና በእኛ ቤት ዓመት የሚቆጠረው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ነው፤ 2017 ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሲደመር 7517። በሦስት ሞከርኩ፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሦስት፤ እስከ ሰማንያ ሦስት ድረስ ሄድኩ። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እሺ አይልም። ቁጥር ያናድዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ያን ቀን ግን እርሳሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ዓመቱም እንደ መንገዱ መውጫ የለው!

ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳል አቋረጣቸው።

«ምነው ልጄ፣ እኩል ተካፍሎ ቢያልቅ ምን ይሠራልናል? እኛ የምንፈልገው ትራፊውን ነው። በይ በዐሥራ ዘጠኝ አካፍይና ነነዌ መቼ እንደሚገባ ንገሪኝ።»

ለነነዌ ጾም እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሠራሁት። ትራፊው ዐሥራ ሁለት ወጣ፤ ከዚያ እያባዛሁ ሄድኩና «ጥር 26፣ ሰኞ!» አልኳቸው። አምስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

«ስንት አልሽኝ?» አሉ። አብራቸው ያለችው እህቴ ሰሞኑን ሰው እየረሱ ነው ብላኝ ስለነበር ፈራሁ።

«አንዱን ምነው ሳትቀንሺው?» አሉ ቀጥለው። «የያዝነው ዓመት መች አለቀና! ያላለቀ ዓመት አይቆጠርም። ዐሥራ አንድ በይው።»

ልክ ነበሩ። ጾሙ አንድ ሙሉ ሳምንት ገፍቶ የካቲት 3 ላይ አረፈ። ይህ ስህተት ጀማሪ የቆሎ ተማሪ እንኳ ተቆንጥጦበት የሚተወው ነው። አፍሬም ደስ ብሎኝም አለቀስኩ፤ አባቴ አሁንም ራሳቸው ነበሩ።

«አየሽ፣ ጊዜ አለሽ» አሉኝ። «መንገዱ ሸጋ እስኪሆን አትቸኩይ።»

እሑድ ጥር 25 መንገድ ተከፈተ ተባለ። ሹፌር የሆነው ጎረቤቴ በሬን አንኳክቶ «አንድ ቦታ አለኝ፣ ነይ» አለኝ። ቦርሳዬን አየሁት። ለነነዌ ገና ሳምንት አለ፣ መንገዱም ይረጋጋ፣ አባቴም አትቸኩይ ብለዋል አልኩ። ሄደ። በማግስቱ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደወለች። የተቀበሩት በዚያው ቀን ነው። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለቅሶውን በስልክ ሰማሁ፤ እሱም መሀል ላይ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ያን ስሌት አንዱን ሳልቀንስ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሁልጊዜም ጥር 26 ይወጣል። በስህተቴ ጸንቼ ብቀር ኖሮ እሑድ ዕለት እሳፈር ነበር።