በብሎካችን ደረጃ የሚወርደው እባብ

በያጁ ሀይረዲን ለዘንዶ ይገብራል ተባለ። ያውም ላባ ላለው ዘንዶ። ብየዳ ቤቱ ውስጥ የጥቁር ዶሮ ላባ ታይቷል፤ ዘንዶው ራሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የብሎካችንን ደረጃ ሲወርድ ተገኝቷል። ወሬውን እኔም ለአምስት ሰው አድርሻለሁ። ስድስተኛው ጋ ስደርስ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ዶሮውን በግ አድርጎ ጠበቀኝ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሀይረዲን ቃሊቲ ጋራዦች ውስጥ ሃያ ዓመት የከባድ መኪና ብረት ሲበይድ ኖሮ፣ አሁን እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም ጀርባ የራሱን ቤት የከፈተ የስልጤ ሰው ነው። ዝም ብሎ መሥራት አይሆንለትም፤ ተራ በር ስታዙት ሳትጠይቁት አበባ በይዶበት ይመጣል።

አምና የብሎካችን ደረጃ መደገፊያ ጠፋ። ታች ሰያፍ የተቆረጠ ጉቶ ብቻ ቀረ። ማን ወሰደው? ሁሉም «አላየሁም» አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ዲንቄ በዚያው ክረምት ወድቀው እጃቸው ተሰበረ፤ ከቤትም ቀሩ። ሀይረዲን ይህን ሲሰማ ከቁርጥራጭ ብረት አዲስ መደገፊያ ሠራ፤ በነፃ። መጀመሪያ ያስጠረጠረው ይሄ በነፃ ማለቱ ነው።

ቅርጹን ያገኘው ከስልኩ ነው። ሜክሲኮ አገር፣ ማያ የሚባሉ ሕዝቦች በጥንት ጊዜ ኩኩልካን የሚሉት ላባ ያለው የእባብ አምላክ ነበራቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም ያንኑ እባብ በሌላ ስም ያመልኩት ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን በአንዱ ቤተ መቅደሳቸው ደረጃ ጠርዝ ላይ ጥላ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ይወርዳል፤ ታች የድንጋይ ጭንቅላት ይጠብቀዋል። ሀይረዲንን የገረመው አምላኩ ሳይሆን ሥራው ነው። «ያለ ኮምፒዩተር እኮ ነው!» እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር።

ስለዚህ ብረቱን አጠማዘዘው። የበዓል ዶሮ ላባ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በጠመኔ እያሰመረ ላባ ቆረጠለት፤ ጥቁሩ ዶሮ እንግዲህ ይሄ ነው። ታች ዓይኑ ሁለት ቡሎን የሆነ ጭንቅላት በየደለት። እትዬ ዲንቄም ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንደገና ጀመሩ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ግን ጠዋት ፀሐይ በሁለት ብሎኮች መሀል ብቅ አለችና የብረቱ ጥላ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። እሷ ከፍ ባለች ቁጥር እሱ እየተሳበ ወረደ። ታክሲ ለመያዝ የሚሮጠው ሁሉ ቆሞ ቀረ።

እሁድ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሀብተሚካኤል ግራይንደር የያዘ ሰው አስከትለው መጡ።

«ሀይረዲን፣ ይሄ ነገር ይቆረጣል።»

«ምን አጠፋ ጋሼ?»

«እባብ ነዋ!»

«ጥላ ነው። የእርስዎም ጥላ በጠዋት ቀጭኔ ያክላል፤ ማን ቆረጠው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ታመልከዋለህ አሉ።»

«አስተግፊሩላህ! በመዶሻ ስቀጠቅጠው የከረምኩትን?»

ይሄኔ እትዬ ዲንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ከላይ ብቅ አሉ። የእባቡን ጀርባ ጨብጠው አንድ አንድ ደረጃ እያሉ ወረዱና ጭንቅላቱን እንደ ልጅ ራስ ደባበሱት።

«ቁረጡት» አሉ። «ስመለስ ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማችሁ ነው የምታወጡኝ። ማን ነው ቀዳሚው?»

ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሽ ሀብተሚካኤል በጣታቸው ወደ ታች ጠቆሙ። «እንግዲያው ብረቱ ይቆይ። ጭንቅላቱ ብቻ ይነሳ።»

ግራይንደሩ ጮኸ፤ ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ሀይረዲን ጎንበስ ብሎ አዲሱን ቁርጥ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን፣ አምና ከጠፋው መደገፊያ የቀረውን ጉቶ ዳበሰ። ሁለቱም ሰያፍ፣ ሁለቱም ወደ ግራ።

«ጋሼ» አለ ቀና ሳይል፣ «ይሄን ሰውዬ አምናም ጠርተውት ነበር እንዴ?»